ከ13 ዓመት በኋላ በአሮጌ ዕቃ ቀለህ መሙላት

ብርድ ልብሱን ሳነሳው መጀመሪያ የመጣው የዘይት ሽታ ነው። ፕሬሱን፣ ማለት የተተኮሰ የጥይት ቀለህ እንደገና የምሞላበትን ባለ እጀታ የብረት መሣሪያ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ማንም አልነካውም። አረንጓዴው ቀለም እንዳለ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ወፍራም ዘንግ ላይ ግን ቡናማ ዝገት ይዟል። እጀታውን ያዝኩና ቀስ አድርጌ ተጫንኩት። ትንሽ አንገራገረ፣ ከዚያ ወረደ። ልጄ አጠገቤ ቆማ፣ «አባዬ፣ ይሰራል እንዴ?» አለችኝ። ይሰራል አልኳት። እውነት ነበር፣ ፕሬሱ ይሰራል። ሌላው ነገር ሁሉ እንደዚያ ቀላል እንዳልሆነ የገባኝ ግን ከዚያ በኋላ ነው።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ጥይት መሙላት ያስተማሩኝ ጎረቤቴ የነበሩ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ አደን ወሰዱኝ፣ ቀጥሎ ጋራዣቸው ወሰዱኝ። ሌላ ከተማ ሊሄዱ ሲሉ ፕሬሳቸውን ከነዳዩ (ፕሬሱ ላይ የሚጠብቀው፣ ቀለሁን ወደ ልኩ የሚመልሰው ብረት)፣ ከነሚዛኑ ሰጡኝ። ለስምንት ዓመት ያህል ሞላሁበት። ከዚያ ልጆች መጡ፣ ስራው ሁለት ፈረቃ ሆነ፣ ዕቃው ብርድ ልብስ ለበሰ። አሁን ትልቋ ልጄ 15 ዓመቷ ነው። የአዳኞችን ኮርስ ጨርሳ ካርዷን ይዛለች። አብራኝ ልትወጣ ትፈልጋለች። ልምምድ ደግሞ ጥይት ይበላል፣ ሱቅ ውስጥ ያለው የአደን ጥይት ዋጋ ደግሞ አይቀመስም። የተመለስኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን የምጽፈው እንደኔ አቁመው ለመመለስ ለሚያስቡ ነው። በየግዛቱ አደን የሚወጡ የኛ ልጆች አሉ። አንዳንዱም ከጎረቤት ወይም ከጋራዥ ሽያጭ አሮጌ ፕሬስ ገዝቶ አስቀምጧል። ማለት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አሮጌ ብረት ይታመናል። አሮጌ ባሩድ፣ አሮጌ መጽሐፍና አሮጌ ትዝታ ግን አይታመኑም።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ ልንገር። ጥይት አራት ነገር ነው። ቀለሁ፣ ቂጡ ላይ ያለችው እሳት ጫሪ ፕራይመር፣ ባሩዱ፣ ጫፉ ላይ ያለው አረር። ሲተኮስ ሦስቱ ያልቃሉ፣ ቀለሁ ይቀራል። እሱን አጽድቶ፣ ወደ ልኩ መልሶ፣ እንደገና መሙላት ነው ስራው። ለአገራችን ሰው ጥይት ተራ ዕቃ ሆኖ አያውቅም። በውጅግራ ዘመን ገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር። ቀለህ መሬት ላይ ጥሎ መሄድ ከልጅነቴ ጀምሮ አይሆንልኝም፣ ምናልባት ከዚያ የመጣ ይሆናል።

ወደ ፕሬሱ ልመለስ። አርሲቢኤስ ሮክ ቸከር ነው። ድርጅቱ በ1943 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ኦሮቪል በምትባል ከተማ የተጀመረ ነው። ዙሪያውን የተዘጋ ወፍራም የብረት ቀለበት ስለሆነ ቢጫኑት አይጣመምም። ዘንጉን አወጣሁት፣ በዘይትና በጣም ቀጭን በሆነ የብረት ሱፍ አሸሁት፣ ጠረግኩት፣ አዲስ ዘይት ቀባሁት። ታች የድሮ ፕራይመር ቅሪት ተጋግሮ ነበር፣ እሱንም ፈቅፍቄ አወጣሁ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ በቦሎን አጥብቄ አሰርኩት። ፕሬስ ከተነቃነቀ የሚያወጣው ጥይት አንዱ ከአንዱ ይለያያል።

ደስ የሚለው ነገር፣ የዳይ ጥርስ ልክ ያኔም አሁንም ያው ነው። ሰባት ስምንተኛ ኢንች ውፍረት፣ በኢንች 14 ጥርስ። የ40 ዓመት ፕሬስ ዛሬ ከሱቅ የተገዛ ዳይ ይቀበላል፣ የድሮ ዳይም አዲስ ፕሬስ ላይ ይገባል። ስለዚህ አሮጌ ፕሬስ ያለው ሰው፣ ካልተሰነጠቀና ዘንጉ ካልተወላገደ፣ አዲስ ለመግዛት አይቸኩል።

ዳዮቹን ግን ውስጣቸውን ማየት ነበረብኝ። አላየሁም። ሌላም ጥፋት አጠፋሁ። የመጀመሪያውን ቀለህ ዘይት ሳልቀባ አስገባሁት። ወደ ላይ ሲወጣ ከበደኝ፣ እኔም ጨመርኩበት። ስመልሰው ፕሬሱ የቀለሁን ከንፈር ገንጥሎ ወረደ፣ ቀለሁ ዳዩ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ዘይት መቀባት የመጀመሪያው ትምህርት ነው፣ 8 ዓመት የሰራሁት ነገር ነው፣ እጄ ግን ረስቶታል። ለማውጣት የቀለሁን ቂጥ በድሪል በስቼ፣ ጥርስ አውጥቼለት፣ ቦሎን አስገብቼ መሳብ ነበረብኝ። ግማሽ ቀን ፈጀ። ሲወጣ ዳዩ ውስጥ የዝገት ነጥቦች አየሁ። በአልኮል አጽድቼ በቀጭኑ ቀባሁት። እንደኔ ቆይታችሁ ከተመለሳችሁ ዳዩን ፈታታችሁ በባትሪ ውስጡን እዩ፣ ከዚያ ቀለሁን ቅቡት። ሲቀባ ደግሞ አይብዛ። ዘይት ሲበዛ የቀለሁ ትከሻ ላይ፣ ወደ አንገቱ በሚጠብበት ቦታ፣ ይጠራቀምና ብረቱን ወደ ውስጥ ያጎደጉደዋል።

ሚዛኑ ሌላ ታሪክ አለው። በምሰሶ ላይ የሚወዛወዝ ባለ ክንድ ሚዛን ነው፣ ባትሪ የለውም። እንደዚህ ያለውን ሚዛን እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ከመሬት ስበት ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ባሩድ የሚመዘነው በግሬን ነው። አንድ ፓውንድ 7000 ግሬን ነው፣ አንድ ግራም 15.43 ግሬን ገደማ። እንግዲህ ግማሽ ግሬን ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አስቡት፣ በጣት ጫፍ የምትያዝ ናት። ጣሪያው አጠገብ፣ ማለት መጽሐፉ ከሚፈቅደው ከፍተኛ የባሩድ ልክ አጠገብ፣ ለሚሞላ ሰው ግን እሷ ትልቅ ናት።

መጀመሪያ ያሰብኩት በሳንቲም ልፈትሸው ነው። የአሜሪካ ባለ 5 ሳንቲሙ በህግ 5 ግራም ነው፣ 77.16 ግሬን ማለት ነው። ግን ሳንቲም ሲመረት አንዱ ከአንዱ ትንሽ ይለያያል፣ ያ ልዩነት ደግሞ ለባሩድ ብዙ ነው። ሚዛኑ ጨርሶ መበላሸቱን ለመጠርጠር እንጂ ለማረጋገጥ አይሆንም። የመፈተሻ ክብደቶች ገዛሁ። ባለ 50 ግሬኑን ሳስቀምጥ 50.6 አለኝ። ሁለቴ ደጋገምኩት፣ ያው ነው። ጠጋ ብዬ ሳይ ክንዱ የሚያርፍባት ቀጭን ስለት ላይ አቧራ አለ፣ በጎኗም የሸረሪት ድር። በአልኮል በነካሁት ለስላሳ ብሩሽ ጠረግኩት። ዘይት አልነካሁትም፣ እዚያ ቦታ ዘይት አቧራ ይሰበስባል። እንደገና አስቀመጥኩት፣ 50.0። 20ውም፣ 100ውም ልክ መጡ። ይህን ሳላደርግ ሞልቼ ቢሆን እያንዳንዱ ጥይት ካሰብኩት ውጭ ነበር የሚሆነው።

አሁን ወደ ባሩዱ። መደርደሪያው ላይ ሁለት ዕቃ አገኘሁ። አንዱ የቆርቆሮ ጣሳ ነው፣ በ2009 የከፈትኩት። ክዳኑን ሳነሳ አፍንጫን የሚወጋ፣ እንደ አሲድ ያለ ሽታ ወጣ። ደህና ባሩድ እንደ ቀለም ማቅጠኛ ያለ ቀለል ያለ ሽታ ነው ያለው። የክዳኑ ውስጠኛ ክፍል ዝጓል። ወረቀት ላይ ትንሽ ሳፈስ ከፍሬዎቹ ጋር ቀይ ቡናማ ብናኝ ወረደ። ይሄ ባሩድ ሞቷል። ሞቷል ማለት አደጋ የለውም ማለት አይደለም። እየፈረሰ ያለ ባሩድ በራሱ ሊሞቅ ይችላል፣ ቤት ውስጥ አይቀመጥም።

ሁለተኛው የሽማግሌው ነው። የፕላስቲክ ዕቃ፣ ላዩ ላይ በፕላስተር «4350» ተብሎ ተጽፏል። ሽታው ደህና፣ መልኩ ደህና። እጄ ሳሳ፣ እውነቱን ለመናገር የሳቸው እጅ ጽሑፍ ስለሆነም ነው። ግን 4350 የሚባል ባሩድ አንድ አይደለም። የአይኤምአር አለ፣ የሆጅደን አለ፣ የአኩሬት አለ። ሦስቱም ቁጥራቸው አንድ ነው፣ ሲነዱ ግን አንድ አይደሉም፣ የአንዱ ልክ ለሌላው አይሆንም። ከራሱ ዕቃ ወጥቶ ሌላ ዕቃ ውስጥ የገባ ባሩድ ማንነቱ አይታወቅም። ማንም ቢጽፍበት፣ ሽማግሌውም ቢሆኑ። ፕላስተሩን ላጥ አድርጌ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ለጠፍኩት። ባሩዱን ከበሰበሰው ጋር አንድ ላይ አስወገድኩት። ለማስወገድ የአካባቢውን እሳት አደጋ ደውዬ ጠይቄ ነው። ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት፣ ሽንት ቤት አትድፉት።

ፕራይመሮቹ በራሳቸው ካርቶን፣ ደረቅ ቦታ ስለቆዩ ደህና ነበሩ። ለልምምድ ተጠቀምኩባቸው፣ ሁሉም ነዱ። ለአደን ግን አዲስ ገዛሁ።

መጽሐፉን በተመለከተ ከጓደኛዬ ጋር ተከራክረናል። «ባሩድ ባሩድ ነው፣ ድሮ የሰራ ቁጥር ዛሬም ይሰራል» ይላል። አልስማማም። የድሮው መጽሐፍ ሲጻፍ ግፊት የሚለካው የመዳብ ቁራጭ ምን ያህል እንደተጨፈለቀ በማየት ነበር። አሁን በኤሌክትሮኒክ መሳሪያ ነው የሚለካው፣ ድሮ ያልታየ ነገር ይታያል። አረሩም ተቀይሯል። እኔ አሁን የምጠቀመው እርሳስ የሌለበት፣ ሙሉ ለሙሉ መዳብ የሆነ አረር ነው። ስጋውን ልጆቼ ይበሉታል፣ የእርሳስ ስብርባሪ እንዲኖርበት አልፈልግም። መዳብ ከእርሳስ ይቀላል፣ ስለዚህ ክብደቱ አንድ የሆነ የመዳብ አረር ይረዝማል። ሲረዝም ወደ ቀለሁ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ የባሩዱን ቦታ ያጠባል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ለእርሳስ አረር የተጻፈ ልክ ለሱ አይሆንም። አዲስ መጽሐፍ ግዙ። የባሩድ አምራቾቹም ልካቸውን ኢንተርኔት ላይ በነጻ ያወጣሉ። ከዚያ ደግሞ ከመነሻው ልክ ጀምሩ፣ ከጣሪያው አይደለም። እዚህ ሆን ብዬ የባሩድ ልክ አልጻፍኩም። ልክ ከመጽሐፍ ይወሰዳል እንጂ ከሰው ወሬ አይወሰድም።

ቀለሆቼ 120 ነበሩ፣ የሠላሳ ዜሮ ስድስት (.30-06) ጥይት። ይሄ ጥይት በ1906 የወጣ ነው፣ ስሙ ላይ ያለው ዜሮ ስድስትም ከዚያ ነው። እያንዳንዱን በብርሃን አየሁ። አንገቱ የተሰነጠቀ ወዲያው ተጣለ። ከቂጡ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቀለበት የታየበትን ለይቼ አስቀመጥኩ። ያ ቀለበት ብረቱ እየሳሳ መሆኑን ይናገራል፣ ቀጥሎ ሲተኮስ ከሁለት ሊከፈል ይችላል። ለማረጋገጥ የወረቀት ማያዣ ሽቦ ዘርግቼ ጫፏን ትንሽ አጥፌ የቀለሁን ውስጠኛ ግድግዳ በሷ ጎተትኩ። ጉድጓድ ካለ ሽቦዋ እዚያ ላይ ትያዛለች፣ እጅ ይሰማዋል። 31 ቀለህ ጣልኩ። ከመጣሌ በፊት አፋቸውን በፒንሳ ጨፈለቅኳቸው፣ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይሞላቸው። የቀሩትን ለካሁ። ከ63.35 ሚሊሜትር መብለጥ የለባቸውም፣ ከበለጡ ይቆረጣሉ።

ለማጽዳት አሞኒያ ያለበት የብረት መወልወያ አትጠቀሙ። ያብረቀርቃል፣ ግን ናሱን ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል። በማጽጃ ማሽን ስታጸዱ ደግሞ የሚወጣው አቧራ የፕራይመር እርሳስ አለበት። እኔ ማሽኑን ደጅ ነው የማሰራው። ጓንት እናደርጋለን፣ ጠረጴዛው ላይ ምንም አይበላም፣ ቡና እንኳ አይቀርብም። ስንጨርስ እጃችንን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና እንታጠባለን። መነጽር ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት 50 ቀለህ በእንጨት መደብ ላይ ደርድረን ባሩድ እየሞላሁ ነበር። ልጄ ከመጽሐፉ ቁጥሩን አነበበችልኝ፣ እኔ መዘንኩ፣ ሞላሁ። መሃል ላይ ስልክ ጮኸ። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ነው፣ አነሳሁት። እያወራሁ ተመለስኩና ቀጠልኩ። ሲያልቅ ልጄ ባትሪ ይዛ እያንዳንዱን ቀለህ ከላይ ማየት ጀመረች። አንድ ረድፍ፣ ሁለት ረድፍ። ሦስተኛው ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ ይቺ ባዶ ናት።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሌሎቹ ሁሉ እስከ ትከሻቸው ግራጫ ፍሬ ሞልተዋል። እሷ ውስጥ ጨለማ ነው። ስልኩን ሳነሳ የዘለልኳት ናት። አረር ጭኜባት ቢሆን ከውጭ ከሌሎቹ ምንም አትለይም። ስትተኮስ ፕራይመሩ ብቻውን አረሩን ገፍቶ አፈሙዙ ውስጥ ሊወትፈው ይችላል። ቀጥሎ የሚተኮሰው ጥይት የተዘጋ ቱቦ ውስጥ ነው የሚፈነዳው። ያንን ጠመንጃ ትከሻዋ ላይ አድርጋ የምትተኩሰው ደግሞ እሷ ነበረች። ተቀመጥኩ። ለተወሰነ ጊዜ አልተነጋገርንም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሰራራችን ተቀየረ። ስልክ ጋራዥ አይገባም። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው አንድ ባሩድ ብቻ ነው። ያልተሞላ ቀለህ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ ይቀመጣል፣ ተሞልቶ ብቻ ነው ቀና የሚለው። ሰው ከጠራን የያዝነውን ቀለህ ወደ ዕቃው ደፍተን እንደገና እንጀምራለን። ሁሉንም በባትሪ ሁለት ሰው ያየዋል። በትልቅ የጠመንጃ ቀለህና በዝግተኛ ባሩድ አንድ ጥሩ ነገር አለ፣ ሁለት ጊዜ ቢሞላ ይፈስሳል፣ ይታያል። በሽጉጥ ግን ሁለት ልክ ቀለሁ ውስጥ ተደብቆ ሊገባ ይችላል። ከረጅም እረፍት በኋላ የምትመለሱ ሰዎች በጠመንጃ ጥይት፣ አንድ በአንድ በሚሰራ ፕሬስ ብትጀምሩ የምመርጠው ለዚህ ነው።

ህጉን በአጭሩ። አሜሪካ ውስጥ ለራስ ለመጠቀም መሙላት የፌደራል ፈቃድ አይጠይቅም። ለመሸጥ ግን ፈቃድ ግድ ነው፣ ስለዚህ ለጓደኛ በገንዘብ አልሞላም። የግዛትና የከተማ ደንብ ስለሚለያይ የየራሳችሁን እዩ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያላችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ አይደለም። እዚያ የጦር መሣሪያ ጉዳይ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ባሩድና ፕራይመርን ደግሞ በየራሳቸው ዕቃ፣ ተለያይተው፣ ተቆልፎ፣ ከማሞቂያ ርቆ አስቀምጡ።

ተኩስ ሜዳ ስንሄድ 10 ጥይት ብቻ ይዘን ነው፣ ሁሉም በመነሻው ልክ። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ቀለሁን አውጥቼ አየሁት። ፕራይመሩ ጠፍጥፏል ወይ? መቀርቀሪያው ሲከፈት ከብዷል ወይ? አንገቱ ተሰንጥቋል ወይ? አንዱም የለም። የመጀመሪያዎቹን አምስት እኔ ተኮስኩ። ቀሪዎቹን እሷ። በ100 ያርድ ሦስቱ አንድ ቡና ስኒ ውስጥ የሚገቡ ነበሩ።

አደኑ በጥቅምት መጨረሻ ነው። ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ ስለሆነ አጋዘኑ ይበላል። እናቷ የቋንጣውን ገመድ ካሁኑ ወጥራለች፣ የነቢያት ጾም ህዳር 15 ሳይገባ እንድንበላው። ጥይቱን ሃያ ሃያ አድርገን በሳጥን አስቀመጥነው። በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ቀን፣ የባሩዱ ስምና የጣሳው ቁጥር፣ ልኩ፣ አረሩ፣ ፕራይመሩ፣ ቀለሁ ስንተኛ ጊዜ እንደተሞላ። የምጽፈው እኔ ነኝ። ከታች ደግሞ «ያየው» የሚል አንድ መስመር አለ። እዚያ ላይ የምትፈርመው እሷ ናት።